በዋሺንግተን ስቴት የምርጫ ዘመቻ ገንዘብና የፖለቲካ ማስታወቂያ አያያዝ፦ ለገንዘብ ያዦችና ለአስተባባሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በሲያትልና በዙሪያዋ ባሉ የኪንግ ካውንቲ ከተሞች ከማኅበረሰባችን አንድ ሰው ለከተማ ምክር ቤት፣ ለትምህርት ቤት ቦርድ ወይም ለስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሲወዳደር፣ በቅድሚያ የሚፈለገው ቀስቃሽና አስተባባሪ ነው። ገንዘብ ያዥ የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ካለፈና ጥሬ ገንዘቡ በፖስታ ታሽጎ የአንድ ሰው መኪና ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እኔም ገንዘብ ያዥ የሆንኩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌሎች ሥራውን ከትክክለኛው ጫፍ እንዲጀምሩት ነው።

የስቴቱ ሕግ መነሻ በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መራጩ ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው ኢኒሼቲቭ 276 ነው። አስፈጻሚው ኦሊምፒያ የሚገኘውና በአጭር ስሙ ፒዲሲ የሚባለው የሕዝብ መረጃ ይፋ ማድረጊያ ኮሚሽን ነው። ሕጉ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በምዕራፍ 42.17ኤ ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ርዕስ 29ቢ ተዛውሯል፤ ስለዚህ የድሮውን ቁጥር የሚጠቅስ ጽሑፍ ካገኙ ቁጥሩ መቀየሩን ልብ ይበሉ። ኮሚሽኑ የገንዘብ ጣሪያዎችንም ከኑሮ ውድነት ጋር በየጊዜው ስለሚያስተካክል፣ ከዚህ በታች የተጠቀሰ ማንኛውም የዶላር መጠን ሥራ በሚጀምሩበት ዕለት ከኮሚሽኑ ድረ ገጽ ጋር መመሳከር አለበት።

አንደኛ፦ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምርበትን ቀን ይለዩ

በሕጉ ዓይን አንድ ሰው እጩ የሚሆነው የእጩነት ማመልከቻ ባስገባበት ቀን ብቻ አይደለም። ለውድድሩ ገንዘብ ከተቀበለ ወይም ካወጣ፣ የማስታወቂያ ቦታ ከያዘ፣ ወይም «እወዳደራለሁ» ብሎ በአደባባይ ከተናገረ፣ ከነዚህ መካከል ቀድሞ በተፈጸመው ቀን እጩ ሆኗል። በማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ማይክሮፎን ይዞ የምሥራቹን የተናገረ ሰው፣ ያን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ሊያደርግበት ይገባል፤ ከዚያ ቀን አንስቶ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለው።

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ሁለት ቅጾች ይገባሉ። ሲ-1 የዘመቻው መመዝገቢያ ሲሆን፣ የገንዘብ ያዡ ስምና ገንዘቡ የሚቀመጥበት ባንክ በእርሱ ላይ ይሰፍራሉ። ኤፍ-1 ደግሞ የእጩው የግል ሀብት መግለጫ ነው፤ የሥራ ገቢን፣ የባንክ ሂሳብን፣ ቤትና መሬትን፣ ዕዳን ይጠይቃል፤ የትዳር ጓደኛንም ይጨምራል። ብዙ እጩዎች በኤፍ-1 ላይ ይዘገያሉ፤ ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ ምሽት አብረው ተቀምጠው መረጃውን እንዲሰበስቡ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ለዘመቻው ብቻ የሚያገለግል የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ። ለጥቂት ቀን ነው ተብሎ የእጩውን ወይም የዘመዱን የግል ሂሳብ መጠቀም አይገባም። ይህን በጥብቅ የምለው፣ አንድ ጊዜ የተቀላቀለ ገንዘብ በኋላ ቢለያይ እንኳ ጥርጣሬው ስለማይለይ ነው።

ሁለተኛ፦ የሪፖርቱን ዓይነት ይምረጡ

ሲ-1 በሚሞላበት ጊዜ እጩው ከሁለት የሪፖርት ዓይነቶች አንዱን ይመርጣል። በ2024ቱ ምርጫ ወቅት በነበረው ደንብ፣ በጠቅላላው ከ7,000 ዶላር የማይበልጥ ገንዘብ ሰብስቦ የሚያወጣ፣ ከራሱ ከእጩው በቀር ከአንድ ሰጪ ከ500 ዶላር በላይ የማይቀበል ዘመቻ አነስተኛውን ሪፖርት መምረጥ ይችል ነበር። ይህን የመረጠ ዘመቻ መዝገቡን በሥርዓት መያዝ ቢኖርበትም በየጊዜው ዝርዝር ሪፖርት አያስገባም። ለትምህርት ቤት ቦርድ በትንሽ በጀት ለሚወዳደር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ወደ ሙሉ ሪፖርት መሸጋገር ካስፈለገ ጣሪያውን ከማለፍ በፊት ለኮሚሽኑ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ካለፉ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። አንድ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት ብቻውን ጣሪያውን ሊያሳልፍ እንደሚችል አይዘንጉ።

ሦስተኛ፦ መዋጮን በበሩ ላይ ይመዝግቡ

የሥራው ሁሉ እምብርት ይህ ነው። የእኛ ሰው ለለቅሶም ለሠርግም ለቤተ ክርስቲያን ግንባታም ገንዘብ ሲያወጣ የለመደው፣ አንድ የተከበሩ ሰው ዞረው እንዲሰበስቡና ጠቅላላውን እንዲያስረክቡ ነው። ሰጪው ስሙ እንዲነገር አለመፈለጉም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ሕጉ የሚፈልገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እያንዳንዱ ዶላር የአንድ የታወቀ ሰው መሆን አለበት።

ገንዘብ ያዥ በሆንኩበት የመጀመሪያ ዘመቻ፣ በእራቱ ማግሥት ከተረከብኳቸው ፖስታዎች በአንዱ ላይ «ጠረጴዛ 4፣ 640 ብር» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር፤ ብር የተባለው ዶላር ነው። ሰብሳቢው አባት ቅን ሰው ነበሩ፤ ማን ስንት እንደሰጠ ግን የሚያስታውሱት በግምት ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ ለተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ደወልኩ። ሁለቱ ስማችን በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ እንዲወጣ አንፈልግም ስላሉ ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። ውሳኔያቸው መብታቸው ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፣ ምክንያቱም ይህን ከመስጠታቸው በፊት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

ስለዚህ በማንኛውም የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰዎችና በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተዘጋጀ አጭር የመዋጮ ካርድ ይኑሩ። ካርዱ ሙሉ ስምን፣ የመኖሪያ አድራሻን፣ መጠኑን፣ ቀኑን፣ ሥራንና አሠሪን ይጠይቅ። ሥራና አሠሪ በሪፖርት የሚጠየቁት ከፍ ያለ መጠን ለሰጠ ሰው ብቻ ቢሆንም ከሁሉም ሰው መውሰዱ ይመረጣል፤ ዛሬ 50 የሰጠ ሰው በሚቀጥለው ወር 300 ጨምሮ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል። በግሉ ታክሲ ወይም ሊሞ የሚነዳ ሰው አሠሪ የለኝም ብሎ ባዶ እንዳይተወው፣ በግሉ የሚሠራ መሆኑን እንዲጽፍ ይንገሩት። በካርዱ ግርጌም ሁለት ነገሮችን ሰጪው በፊርማው ያረጋግጥ፦ ገንዘቡ የራሱ መሆኑን፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት መሆኑን።

የራሱ መሆኑ የሚጠየቀው፣ የሌላውን ሰው ገንዘብ በራስ ስም መስጠት የተከለከለ ስለሆነ ነው። አንድ ባለ ሀብት ለአንድ እጩ እንዲሰጥ የሚፈቀድለትን የራሱን ጣሪያ ከሞላ በኋላ ለወንድሙና ለሠራተኛው ገንዘብ ሰጥቶ በስማቸው ቢያስከፍል፣ ገንዘቡን ያቀበለውም ስሙን ያዋሰውም በሕግ ይጠየቃሉ። የመኖሪያ ፈቃዱን ጉዳይ ደግሞ የሚወስነው የፌዴራሉ ሕግ ሲሆን፣ ከስቴት አልፎ እስከ መንደር ምርጫ ድረስ ይሠራል። የግሪን ካርድ ባለቤት መምረጥ ባይችልም መዋጮ መስጠት ይችላል። በተማሪ ቪዛ፣ በሥራ ቪዛ፣ በጊዜያዊ ከለላ ወይም ጥገኝነት አግኝቶ ግሪን ካርዱን በመጠባበቅ ላይ ያለ ሰው ግን መስጠት አይችልም፤ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ያለ ወንድምም ለእህቱ ዘመቻ አንድ ዶላር መላክ አይችልም። እነዚህ ሰዎች ያለ ክፍያ በጉልበታቸው ማገዝ ግን ይችላሉ፤ በር ማንኳኳትና ስልክ መደወል ክፍት ነው። ይህን ለሰዎች ሲነግሩ በአክብሮትና ለብቻ ይሁን፤ ስለ መኖሪያ ወረቀት ሰው ፊት መጠየቅ ብዙዎችን ያሳፍራል፣ ያስፈራልም።

ጥሬ ገንዘብን በተመለከተ 100 ዶላርን እንደ ጣሪያ ይያዙና ከዚያ በላይ ያለውን በቼክ ወይም በካርድ ይቀበሉ። ሰጪው ያልታወቀ ገንዘብ ጠባብ ገደብ አለው፤ ከገደቡ ያለፈው ለስቴቱ ገቢ ይሆናል፤ ስለዚህ ሳጥን አስቀምጦ የፈለገ ይጣልበት ማለት አያዋጣም። የተቀበሉትን በሙሉ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ባንክ ያስገቡ።

የስም አጻጻፍ ሌላው የእኛ ልዩ ችግር ነው። ጸጋዬ የተባለ ሰው በእንግሊዝኛ ፊደል ስሙን በቼኩ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በካርዱ ላይ በሌላ ዓይነት፣ በኢንተርኔት ሲከፍል ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ሊጽፈው ይችላል። በመዝገቡ ውስጥ ሦስት ሰው ሆኖ ከገባ፣ ድምሩ ጣሪያውን ሲያልፍ ማንም አያውቅም። አንዳንዱም የአያቱን ስም አንድ ጊዜ ይጨምራል፣ አንድ ጊዜ ይተዋል። በመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ አንዴ ወስደው ሁልጊዜ በእርሱ ይመዝግቡ፤ አድራሻንም እንደ ማመሳከሪያ ይጠቀሙ። ባልና ሚስት በእኛ ዘንድ የተለያየ የአባት ስም ስለሚይዙ አንድ አድራሻ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰጪዎች መኖራቸው ስሕተት አይደለም፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ጣሪያ አላቸው። በ2024 ለሕግ አውጪ ምክር ቤት እጩ ጣሪያው ለእያንዳንዱ ምርጫ፣ ማለትም ለኦገስቱ ማጣሪያና ለኖቬምበሩ ጠቅላላ ምርጫ ለየብቻ፣ 1,200 ዶላር ነበር፤ በስቴት ደረጃ ለሚመረጡት እንደ ገዥው ላሉ ሥልጣኖች 2,400 ነበር። ሲያትል ለከተማው እጩዎች የራሷ ደንብና የራሷ ኮሚሽን ያላት ሲሆን፣ ለነዋሪዎች የሚላኩትና እነርሱ ለፈለጉት የከተማ እጩ በመዋጮነት የሚሰጧቸው ባለ 25 ዶላር የዲሞክራሲ ቫውቸሮችም በዚያ በኩል ይስተናገዳሉ። የግሪን ካርድ ባለቤቶችም እነዚህን ቫውቸሮች መጠቀም ይችላሉ፤ መሸጥና መግዛት ግን የተከለከለ ነው።

አራተኛ፦ በዓይነት የተሰጠንም ይቁጠሩ

የምግብ ቤት ባለቤቷ «ዶሮ ወጡም እንጀራውም ከእኔ ነው» ስትል ይህ ምርቃት የሚገባው ልግስና ነው፤ በሕጉ አጠራር ግን በዓይነት የተሰጠ መዋጮ ነው። በገበያ ዋጋው ተተምኖ፣ ለምሳሌ 40 ሰው በምግብ ቤቱ መደበኛ ዋጋ ቢበላ የሚከፍለው ተሰልቶ፣ በስሟ ወይም በድርጅቷ ስም ይመዘገባል፤ ከጣሪያዋም ይቀነሳል። አዳራሽ በነጻ መስጠት፣ በራሪ ወረቀት በነጻ ማተም፣ ለሌላው በክፍያ የሚሰጥ የሬዲዮ ሰዓት ለእጩው በነጻ መስጠትም እንዲሁ ነው። ዋጋውን የሚያሳይ ደረሰኝ ያለ ክፍያም ቢሆን እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ሰው በራሱ ጊዜ በነጻ በር ሲያንኳኳ ወይም ስልክ ሲደውል መዋጮ አይባልም፤ የሥራ ሰዓቱን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ከሆነ ግን መዋጮው የአሠሪው ነው።

እድር፣ የልማት ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ብዙዎቹ በፌዴራል የግብር ሕግ የበጎ አድራጎት ዕውቅና ያላቸው ናቸው። ከ1954 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ እነዚህ ድርጅቶች በእጩዎች ዘመቻ ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ከእድሩ ካዝና መዋጮ ማውጣት ወይም አዳራሹን ለአንድ እጩ ብቻ በነጻ መስጠት የእድሩን ዕውቅና አደጋ ላይ ይጥላል፤ ኮሚቴው በቅንነት ቢጠይቅዎት እንኳ እምቢ ይበሉ። አባላቱ በግላቸው ከኪሳቸው መስጠት ይችላሉ። ዕውቅና የሌለው ስብስብ፣ ለምሳሌ የሹፌሮች ቡድን፣ አንድን እጩ ወይም ሕዝብ የሚወስንበትን ጉዳይ ለመደገፍ ገንዘብ ለመሰብሰብ ካሰበ ራሱ የፖለቲካ ኮሚቴ ሊሆን ስለሚችል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ስም መመዝገብ ይጠበቅበታል።

አምስተኛ፦ ሪፖርቶቹን በጊዜያቸው ያስገቡ

ሙሉ ሪፖርት የመረጠ ዘመቻ ኦርካ የሚባለውን የኮሚሽኑን ነጻ ፕሮግራም ይጠቀማል። ሁለት ቅጾች ይመላለሳሉ። ሲ-3 ባንክ የገባውን መዋጮ የሚያሳይ ሲሆን በወሩ 10ኛው ቀን ይገባል፤ በምርጫው ዓመት ከጁን 1 በኋላ ግን በየሳምንቱ ሰኞ ነው። ሲ-4 ገቢና ወጪን ጠቅልሎ ያሳያል፤ በተለይ ምርጫው 21 ቀን ሲቀረውና 7 ቀን ሲቀረው ይገባል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትልቅ መዋጮ ከመጣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለብቻው ይገለጻል። ቀኖቹን በስልክዎ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር ያስቀምጡ፤ እሑድ ማታ የሰኞውን ሪፖርት መጨረስን ልማድ ያድርጉ።

ወጪ ሲመዘገብ «ለማስታወቂያ» ብቻ አይበቃም። ለማን እንደተከፈለ፣ ለምን ሥራና ስንት ኮፒ ወይም ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይጻፍ። የዘመቻው ገንዘብ ለእጩው የቤት ኪራይ ወይም የመኪና ክፍያ አይውልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኢሜይል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽንና የሥራ ሰዓትም ለዘመቻ አይነኩም፤ በትምህርት ቤትና በከተማ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችን ይህን ቀድመው ያስጠንቅቋቸው።

ስድስተኛ፦ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ባለቤቱን ይናገር

የታተመ ወይም የተጻፈ የፖለቲካ ማስታወቂያ ሁሉ ማን እንደከፈለበት መናገር አለበት፤ «ፔይድ ፎር ባይ» ወይም «ስፖንሰርድ ባይ» ከሚለው ቃል ጋር የዘመቻው ስምና አድራሻ ይቀመጣሉ። ጽሑፉ በቀላሉ የሚነበብ ይሁን፤ ግርጌ ላይ በደበዘዘ ቀለም መደበቅ አይፈቀድም። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስሙ በግልጽ መነገር አለበት፣ አድራሻ አያስፈልግም። ማስታወቂያው በአማርኛ ከሆነ «ክፍያው የተፈጸመው በ...» የሚለውን በአማርኛ ጽፈው የእንግሊዝኛውንም አብረው እንዲያስቀምጡ እመክራለሁ፤ አማርኛው ለአንባቢው፣ እንግሊዝኛው ለመርማሪው ነው።

ለሕግ አውጪ ምክር ቤት እንደሚደረገው ያለ የፓርቲ ውድድር ከሆነ እጩው የሚመርጠው ፓርቲ መጠቀስ አለበት፤ የሲያትል ምክር ቤትና የትምህርት ቤት ቦርድ ውድድሮች ከፓርቲ ነጻ ስለሆኑ ይህ አይመለከታቸውም። የእጩው ፎቶ በማስታወቂያው ላይ ካለ ቢያንስ አንዱ ባለፉት አምስት ዓመታት የተነሳ መሆን አለበት፣ ከሌሎቹ ፎቶዎቹም ማነስ የለበትም። የተማሪነት ዘመኑን ፎቶ በትልቁ፣ የዛሬውን በትንሹ ማድረግ ክልክል ነው ማለት ነው። በግቢ የሚተከሉ፣ ከ4 በ8 ጫማ ያልበለጡ ሰሌዳዎች ከከፋይ ስም ነጻ ናቸው፤ ቲሸርት ወይም ባነር ከማሳተምዎ በፊት ግን የኮሚሽኑን ዝርዝር ይመልከቱ።

ከእጩው ጋር ምንም ሳይነጋገር በራሱ ገንዘብ የሚያስተዋውቅ ቡድን፣ ማስታወቂያውን ማንም እጩ እንዳልፈቀደው የሚገልጸውን ሕጉ ያዘጋጀውን ዐረፍተ ነገር ከስሙና ከአድራሻው ጋር ማስቀመጥ አለበት፤ የፖለቲካ ኮሚቴ ከሆነና ወጪው ከፍ ያለ ከሆነ አምስቱን ትልልቅ ሰጪዎቹንም ይዘረዝራል። ቡድኑ ስለ ይዘቱ ከዘመቻው ጋር በስልክ ከተመካከረ ግን ነጻነቱ አብቅቷል፤ ወጪው ለእጩው እንደተሰጠ መዋጮ ይቆጠራል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ድምፅና ምስል ከ2023 ጀምሮ የራሱ ድንጋጌ አለው። አማርኛ የማትችልን እጩ በድምፅዋ አስመስሎ አማርኛ ማናገር ዛሬ በስልክ የሚሠራ ነገር ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ይልቅ ተርጓሚ በራሱ ድምፅ ቢያነብ ይሻላል፤ ከተጠቀሙበት ግን ምስሉ ወይም ድምፁ የተቀነባበረ መሆኑን የሚገልጽ ግልጽ ማሳወቂያ ያስቀምጡ።

ሰባተኛ፦ ማስታወቂያ የሚሸጠውም ግዴታ አለበት

የማኅበረሰብ ሬዲዮ፣ ጋዜጣ፣ የዩቲዩብ ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ያላችሁ ወገኖች ይህን ክፍል ልብ በሉልኝ። ከእጩ ወይም ከኮሚቴ ተከፍሏችሁ ማስታወቂያ ስታስተላልፉ ሕጉ የንግድ ማስታወቂያ አቅራቢ ይላችኋል። ማን እንዳዘዘና አድራሻውን፣ የማንን እጩነት ወይም የትኛውን ጉዳይ እንደሚደግፍ ወይም እንደሚቃወም፣ መቼ እንደተላለፈ፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ ማን በምን መንገድ እንደከፈለ መዝግባችሁ ለጠየቀ ማንኛውም ሰው ማሳየት አለባችሁ። በኢንተርኔት ከሆነ ለየትኛው የሕዝብ ክፍል እንደታለመና ስንት ጊዜ እንደታየም ይጨመራል። መዝገቡ ከምርጫው በኋላ አምስት ዓመት ይቀመጣል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ደንብ አይደለም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ይህንኑ መረጃ ለጠያቂዎች በተሟላ መልኩ ባለመስጠቱ፣ በ2022 የኪንግ ካውንቲ ዳኛ 822 ጥሰቶች ቆጥረው፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ሕጉ በሚፈቅደው ሦስት እጥፍ፣ ለእያንዳንዱ 30,000 ዶላር፣ በድምሩ ወደ 24.7 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወስነውበታል። ቀደም ብለው ጉግል በጁን 2018፣ የዛሬው ሜታ ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዋሺንግተን የስቴትና የአካባቢ ምርጫ ማስታወቂያ መሸጥ እንደሚያቆሙ ያስታወቁትም በዚሁ ሕግ የተነሳ ነው። ስለዚህ «ገንዘብ ከፍለን ፖስቱን ቡስት እናድርገው» የሚል ሐሳብ ሲመጣ በቅድሚያ የድርጅቱን ፖሊሲ ያንብቡ።

ስምንተኛ፦ ዘመቻው ሲያበቃ

ከምርጫው በፊት ባሉት አሥር ቀናት መዝገቡን ለማየት ቀጠሮ የሚጠይቅ ሰው ሊመጣ ስለሚችል፣ የመዋጮ ካርዶች፣ የቼክ ቅጂዎችና ደረሰኞች በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ይሁኑ። ስሕተት ካገኙ ራስዎ ያርሙት፤ ሪፖርትን ማሻሻል ይቻላል፣ ኮሚሽኑም ስልክ ደውሎ የሚጠይቅን ገንዘብ ያዥ ይረዳል።

ከምርጫው በኋላ ዕዳ ተከፍሎ ገንዘብ ከተረፈ፣ ለሰጪዎቹ መመለስ፣ በስቴቱ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለፓርቲ መስጠት ይፈቀዳል፤ ለእጩው ማረፊያ ጉዞ ማዋል አይፈቀድም። ሂሳቡ ዜሮ ሲሆን የመጨረሻው ሲ-4 ይገባል። ወረቀቶቹ ከምርጫው በኋላ ለአምስት ዓመት ይቀመጡ። አንዱ ቅጂ በእርስዎ፣ ሌላው በእጩው ዘንድ ይሁን፤ የኦርካው መግቢያ ቃልም ከሁለታችሁ ዘንድ አይጥፋ፣ ገንዘብ ያዥ ሌላ ስቴት ሲዛወር መዝገቡ አብሮት መሄድ የለበትምና።